ሰባት ቤት ለጥቁር ሸሚዝ

ጠጄ ማስመሪያውን ስትመልስለት ታዲዮስ እጁን አልዘረጋም። በአገጩ ወደ ዴስኩ ጠቆማት።

«እዚያ አስቀምጪው» አላት።

አስቀመጠችው። ታዲዮስ ከኪሱ ሶፍት አወጣና ማስመሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠርጎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች ሳቁ። የሒሳብ አስተማሪው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ክብ እየሠሩ ስለነበር ምንም አላዩም።

እስከዳር ግን አየች። እሷና ጠጄ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነው አሥረኛ የደረሱት። ጠጄ እስክሪብቶዋን አንስታ ከሰሌዳው መገልበጥ ጀመረች፤ ክቡ ግን አልገጥም አላት። ታዲዮስ ማስመሪያውን ለምን እንደጠረገ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ወሬው ከማን አፍ እንደወጣ የምታውቀው ግን እስከዳር ብቻ ናት፤ ያወጣችው ራሷ ስለሆነች።

በዚያ ዓመት፣ በ2010፣ ኢንተርኔት አንድ ሰሞን ይጠፋል፣ አንድ ሰሞን ይመጣል። ሲመጣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ስልክ ያለው ወጣት ሁሉ «የመንዝ ልጆች የታሪክ መድረክ» ወደሚባለው የፌስቡክ ግሩፕ ይገባ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚለጠፍበት የድሮ ፎቶ፣ የገዳማት ታሪክ፣ ከጓሳ ተራሮች የተነሳ የቀይ ቀበሮ ፎቶ ነበር። ከዚያ «ጥቁር ሸሚዝ» የሚል ስም ያለው ሰው መጣ።

ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም። ፎቶው ላይ ጥቁር ሸሚዝ የለበሱ የፋሺስት ወታደሮች ተሰልፈው ይታያሉ። አንድ አባል፣ እነዚህ አያቶቻችንን የፈጁ አይደሉም ወይ ብሎ ጠየቀው። ጥቁር ሸሚዝ አልተቆጣም። ጥሩ አማርኛ ይጽፋል፣ ሰውን ሁሉ ወንድሜ፣ እህቴ ይላል። ጠላት ቢሆኑም ሥርዓት የሚያውቁ ጠላት ነበሩ ብሎ መለሰ። አገራቸውን ያቆሙት መጀመሪያ ጤነኛውን ከበሽተኛው ለይተው ነው፤ እኛ የምንታመሰው ማን ማን እንደሆነ ሳናውቅ ተደባልቀን ስለምንኖር ነው አለ። መልሱ ከጥያቄው ይልቅ ብዙ ላይክ አገኘ። በሳምንቱ ከአሥረኛ ክፍል ወንዶች መካከል ከዩኒፎርሙ ሹራብ ሥር ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው የሚመጡ ታዩ። የክፍሉ አለቃ ታዲዮስ አንዱ ነበር። ለአብዛኞቹ እንደ አዲስ የፀጉር ቁርጥ ያለ ነገር ነበር።

ጥቁር ሸሚዝ ቀጥሎ ጨዋታ አመጣ። ጨዋታው ሰባት ቤት መቁጠር ነው። አባትህ ማን፣ አያትህ ማን እያለ ሰው ወደ ኋላ እስከ ሰባት ድረስ ይጽፋል። ሰባት የሞላለትን ጥቁር ሸሚዝ «ንጹሕ» ይለዋል፤ ያልሞላለትን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ሌሎች ይዘልፉታል።

ሰባት ቤት መቁጠርን ከእስከዳር በላይ የሚያውቅ ልጅ መሐል ሜዳ ውስጥ አልነበረም። ልጅ ለልጅ ሊሰጣጡ የተስማሙ ሁለት ቤተሰቦች ከቃል ኪዳኑ በፊት የሚሄዱት ወደ አያቷ ወደ አቶ ወልደ አማኑኤል ነው። እሳቸው የሁለቱንም ወገን በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ይቆጥሩና ሙሽሮቹ ሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ወይም አለመሆናቸውን ይናገራሉ። ቆጠራው ሲጀመር ሁልጊዜ የሚሉት ነገር አለ፦ እዚህ የተቆጠረው እዚህ ይቅር። ሽማግሌዎቹ «ይቅር» ብለው ይመልሳሉ። እስከዳር ጠላ እየቀዳች ቆማ ትሰማለች። ጽዋው ሞልቶ እስኪፈስ የምትሰማበት ጊዜ አለ።

የጠጄ ወንድም ማዕረግ የራቤል ከተማ ልጅ የሆነችውን ይዘንጋሽን ሊያገባ የተቆጠረውም በዚያው ቤት ነው። የማዕረግ አባት ጋሽ ተገኘ ከመርሐቤቴ የመጡ ሰው ናቸው። መሐል ሜዳ ውስጥ የብየዳ ቤት አላቸው፤ የከተማው የብረት በርና መስኮት ግማሹ የእሳቸው ሥራ ነው። አቶ ወልደ አማኑኤል የእሳቸውን ወገን ሲቆጥሩ ቢያድግልኝ የሚባል ስም ላይ ደረሱ። በዚያ አገር ሁለት ቢያድግልኞች ስለነበሩ፣ ለመለየት ያህል፣ «ቀጥቃጩ» አሉና አለፉ። ሁለቱ ወገኖች አይገናኙም ተባለ። ጠላ ተጠጣ። የራቤል ሽማግሌዎች ደስ ብሏቸው ሄዱ።

እስከዳር በክፍል ውስጥ እጇን የማታወጣ ልጅ ናት። አስተማሪዎች ስሟን ይሳሳታሉ። ግሩፑ ውስጥ ግን «የሰባት ቤት ልጅ» በሚል ስም ገብታ የአንዱን ስትቆጥር፣ የሌላውን ስታርም፣ አንድም ሳትሳሳት ቀረች። ጥቁር ሸሚዝ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ «ይህቺ እህታችን ሊቅ ናት» ብሎ ጻፈ። በዚያ ቀን ምሳ መብላት አልቻለችም፤ ደስታው ሆዷን ሞልቶት ነበር። አንድ አባል ከመርሐቤቴ የመጡትን ግን እንኳን እሷ ማንም አይችላቸውም ብሎ ተፈታተናት። እስከዳር ቁጭ ብላ የጋሽ ተገኘን እስከ ሰባት ጻፈች። ቢያድግልኝ ላይ ስትደርስ፣ ሁለት ስለሆኑ፣ «ቀጥቃጩ» የሚለውን ጨመረች። እንዳይሳሳቱ ብላ ነበር።

በማግስቱ ጥቁር ሸሚዝ የጋሽ ተገኘን ብየዳ ቤት ፎቶ ለጠፈ። የከተማው ሰው ካልሆነ ማን ያነሳዋል? ከሥሩ «በራችሁን የሚሠራላችሁ ማን እንደሆነ እወቁ» ይላል። ከዚያ በታች ሌሎቹ የጻፉትን እስከዳር እስከ መጨረሻው ማንበብ አልቻለችም። ቡዳ የሚለውን ቃል ከአያቶቿ ዘመን ጋር የቀረ አድርጋ ታስብ ነበር። የጻፈችውን ወዲያው አጠፋችው። ግን አንዱ ፎቶ አንስቶት ኖሮ መልሶ ለጠፈው። የግሩፑን አድሚን አጥፉልኝ ብላ ለመነችው፤ አይቶ ዝም አላት። ጥቁር ሸሚዝ ማን እንደሆነ ዛሬም አታውቅም። ላይክ ያደረጉትን ግን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። ታዲዮስ፣ የስልክ ካርድ የምትገዛበት ልጅ፣ የመዝሙር ክፍል ጓደኛዋ፣ የአክስቷ ባል።

ፎቶው ራቤል ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የይዘንጋሽ ወንድም ሸዋንዳኝ በፈረስ መጥቶ፣ ከፈረሱ ሳይወርድ፣ ቃል ኪዳኑ ፈርሷል ብሎ ለጋሽ ተገኘ ነግሮ ተመለሰ።

---

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ጠጄና እስከዳር እንደ ወትሮው አብረው ሄዱ። ነፋሱ ከጓሳ በኩል ይመጣል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመዋል። መናኸሪያውን አለፉ።

«አባቴ አያትሽን ሲረግሙ ነው የሚያድሩት» አለች ጠጄ።

«እሳቸው አይደሉም።»

«ታዲያ ማነው? አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ ብሎ እዚህ አገር የነገረ ሰው የለም። የተነገረው እናንተ ቤት፣ ቆጠራው ላይ ብቻ ነው። እዚያ የነበሩት ሽማግሌዎቹ ናቸው።»

«እኔም ነበርኩ። ጠላ እቀዳ ነበር።»

ጠጄ ቆመች። በነጠላው ላይ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው።

«ሙድ እየያዝሽ ነው?»

«‹የሰባት ቤት ልጅ› እኔ ነኝ።»

እስከዳር ጓደኛዋ ትጮሃለች፣ ወይም ትመታታለች ብላ ነበር። ጠጄ ግን ከመንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቀፈችው። ከዚያ ለምን እንደሆነ ብቻ ጠየቀቻት። እስከዳር ክፋት አልነበረም ልትል አስባ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ሲያደንቁኝ ደስ አለኝ» አለች።

ጠጄ ራሷን ነቀነቀች፤ መልሱ ገብቷት ይሁን አስጠልቷት አይታወቅም። ከዚያ ማዕረግ ሰኞ ዕለት ደብረ ብርሃን በሚሄደው አውቶቡስ መሄዱን ነገረቻት። ተመልሶ ይምጣ አይምጣ አልተናገረም። ለሙሽራዪቱ ብሎ በገዛ እጁ የሠራው የብረት አልጋ ብየዳ ቤቱ መሐል እንደቆመ ነው፤ ራስጌው ላይ የአበባ ቅርጽ ያለው፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባ። አባቷ አይሸጡትም፣ አያነሱትም። እየዞሩት ይሠራሉ። የሚሠሩትም ነገር እያለቀ ነው፤ በር ያዘዙ ሰዎች ቀብዳቸውን እንኳን ሳያስመልሱ ቀርተዋል። ብየዳ ቤቱ በር ላይ በከሰል የተጻፈውን ነገር አባቷ በቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም ሸፍነውታል። ፊደሉ ግን ከሥር ይታያል።

«ምን ላድርግ?» አለች እስከዳር። «የፈለግሽውን በይኝ፣ አደርገዋለሁ።»

ጠጄ ቀና አለች።

«የእነ ይዘንጋሽን ቁጠሪ።»

«ምን?»

«እነሱንም ቁጠሪያቸው። እንደኛው፣ ሁሉም በሚያየው። ሰባት ቤት ሙሉ ንጹሕ የሆነ ሰው አለ? አንድ ነገር አይጠፋም። አያትሽ ያውቃሉ፤ አንቺም ታውቂያለሽ።»

እስከዳር ታውቅ ነበር። የይዘንጋሽ የአባቷ አያት ጥሩሸዋ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። አቶ ወልደ አማኑኤል በቆጠራው ቀን ስማቸውን ጠርተው፣ ሥራቸውን ሳይጠሩ ነበር ያለፉት። በኋላ እስከዳር ብቻዋን ስትጠይቃቸው ነው የነገሯት።

ፊቷ ሳይናገርባት አልቀረም።

«አለ አይደል?» አለች ጠጄ ቀስ ብላ። «ሸዋንዳኝ ከፈረሱ አልወርድም አለ። አባቴ ግቡ፣ እህል ቅመሱ እያሉት፣ ከላይ ሆኖ ተናግሯቸው ሄደ። አንቺ ብትጽፊው ከፈረሱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ አናግርሻለሁ። ያለዚያ ግን ከሰኞ ጀምሮ ዴስክ እቀይራለሁ።»

ተነስታ ቦርሳዋን አነገተችና ሄደች። እስከዳር አልተከተለቻትም።

---

የእነ እስከዳር የግቢ በር የላይኛው ማጠፊያው ከተሰበረ ቆይቷል። ሲከፈት መሬቱን እየፋቀ ይንቋቋል፤ ሰው ሲገባ ሳያሰማ አያልፍም። ስትገፋው አያቷ በረንዳው ላይ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ሁለት ባዶ በርጩማዎች አሉ።

እናቷ ጌታነሽ በሹክሹክታ ነገረቻት። ከራቤል ሽማግሌዎች መጥተው ነበር። ሁለት ነገር ነው የጠየቁት። አንደኛ፣ የሙሽራው ወገን ቀጥቃጭ መሆኑን እያወቁ ለምን ደበቁን? አቶ ወልደ አማኑኤል፣ የተጠየቅኩት ይዛመዳሉ ወይ ተብሎ ነው፣ አይዛመዱም ብለው መለሱ። ሁለተኛ፣ እዚህ ይቅር ያሉትን ማን አወጣው? እሳቸው፣ ከቤቴ ነው የወጣው፣ በኔ ይሁን አሉ። ሽማግሌዎቹ ከእንግዲህ ለቆጠራ እንደማይጠሯቸው ነግረዋቸው፣ የቀረበላቸውን ሳይቀምሱ ሄዱ።

እስከዳር አንዱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያወጣሁት።»

«አውቃለሁ» አሉ አያቷ። ዓይናቸውን ከበሩ ላይ አላነሱም። «ጠላውን እየቀዳሽ ቆመሽ ትሰሚ ነበር። አይቼሻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ግሩፑን፣ ጨዋታውን፣ ያመሰገናትን ሰው። ፌስቡክ ለእሳቸው ሩቅ ነገር ስለሆነ ብዙውን ዝም ብለው ሰሙ። የሰውየውን ስም ስትጠራ ግን አቋረጧት።

«ማን አልሽው?»

«ጥቁር ሸሚዝ። ራሱ ነው ለራሱ ያወጣው።»

«የማን ልጅ ነው?»

«አይታወቅም።»

«የሁሉን ዘር ያስቆጥራል፣ የሱ አይታወቅም» አሉና አንድ ጊዜ በአፍንጫቸው ሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ጠፋ። ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡ።

«እኔ እውነተኞቹን አይቻቸዋለሁ» አሉ። «ልጅ ነበርኩ። ከቆላው ወጥተው መጡ። አገሩን ዝም ብለው አላቃጠሉትም። መጀመሪያ ጠየቁ። ይሄ የማን ቤት ነው? ያ የሸፈተው ምኑ ነው? እነሱ የሰው አገር ሰዎች ናቸው፣ ከየት ያውቁታል? አንድ የኛ ሰው ቆጠረላቸው።»

«አስገድደውት ነው?»

«አላስገደዱትም። ክፉም አልነበረም። ዘር አዋቂ ነበር። ወንበር ሰጥተው አስቀመጡት፣ በአስተርጓሚ እያመሰገኑ ጠየቁት። ሲጠየቅ ደስ አለው። እሱ ይቆጥራል፣ እነሱ ይለኩሳሉ። የአባቴ ወንድም ከአርበኞቹ ጋር ስለነበር የኛም ቤት ተቆጠረ። እናቴ ታናሼን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ገደሉን ስትወርድ የጣሪያው ሣር ጢስ ከኋላችን ይመጣ ነበር። ታናሼ በቁር ሞተ።»

እናቷ ጓዳ ውስጥ ዕቃ ማንቀሳቀሷን አቁማለች። እስከዳር ይህንን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። የሌላውን ቤት ሁሉ ሲያስቆጥሯት፣ ታናሽ እንደነበራቸው ነግረዋት አያውቁም።

«ሰውየው ማነው?» አለች።

«አልነግርሽም።»

«አባባ፣ ከስንት ዘመን በፊት ነው እኮ።»

«የልጅ ልጆቹ አሉ። እዚሁ ከተማ ነው የሚኖሩት። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም ይሉኛል፣ እጄን ይስማሉ። እኔ ከሞትኩ የሚያውቅ አይኖርም።»

ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ወደ በሩ ሄደው የተሰበረውን ማጠፊያ በጣታቸው ነካኩት፤ ለዚያ ሲሉ የተነሱ ይመስል። ምን ማድረግ እንዳለባት አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀቻቸውም።

---

ኔትወርኩ የሚሻለው ከቤታቸው ጀርባ፣ የገብስ ክምር ከሚቆምበት ኮረብታ ላይ ነው። በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር እስከዳር ረፋዱ ላይ ወደዚያ ወጣች። ስልኳ መስመር እንዳገኘ ተንጫጫ። ኢንቦክሷ ውስጥ ጥቁር ሸሚዝ ጽፎላታል።

እህቴ፣ ጠፋሽብን ይላል። አንቺን የመሰለ ሰው ዝም ሲል መድረኩ ይጎድላል። አሁን የምንጠብቀው የራቤሎቹን ነው። ቃል ኪዳናቸውን ያፈረሱ ቆራጦች ናቸው፤ ንጽሕናቸውን ቆጥረሽ መስክሪላቸው። ከፈለግሽ ከአድሚኖቹ አንዷ እናደርግሻለን። ዝም ካልሽ ግን፣ አንቺም የምትሸሽጊው አለሽ የሚሉ ይኖራሉ።

እስከዳር መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። የይዘንጋሽን ቤት ማስቆጠር የሚፈልጉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ጠጄ፣ ሌላው እሱ።

ብትጽፈው የሚሆነው በዓይነ ሕሊናዋ ታያት። ሸዋንዳኝ ከፈረሱ ይወርዳል። ታዲዮስ ስለ ጠጄ ማውራቱን ትቶ ስለ እነሱ ማውራት ይጀምራል። ጠጄ ዴስክ አትቀይርም። መጻፍ ጀመረች። ይዘንጋሽ፣ አባቷ፣ የአባቷ እናት። ጣቶቿ ስሞቹን ያውቋቸዋል፤ አንዱ ሌላውን ይጎትተዋል። እንደ ሌላው ጊዜ ደረቷ ውስጥ ያ ሙቀት ሲነሳ ተሰማት፣ ሳትሳሳት የመቁጠር ደስታ። ጥሩሸዋ የሚለውን ጻፈች። «ሸክላ ሠሪዋ» የሚለውን ቀጠለች።

ከኮረብታው ላይ መሐል ሜዳ እንዳለ ይታያል፤ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የገበያው ሕዝብ፣ ከመናኸሪያው የሚወጣው ሚኒባስ። አንድ ሰው አያቷን ወንበር ላይ አስቀምጦ ያ ቤትስ የማነው፣ ያኛውስ ቢላቸው ሁሉንም ያውቃሉ። እሷም ከግማሽ በላዩን ታውቃለች። ይዘንጋሽን አይታት አታውቅም። ስለ እሷ የምታውቀው ከአያቶቿ ስም ሌላ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃል ኪዳኑን ያፈረሰው ወንድሟ እንጂ እሷ እንዳልነበረች።

ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈችና እንደተጫነች ቆየች። ሠሪዋ ጠፋ። ሸክላ ጠፋ። ጥሩሸዋ ጠፉ። ስሞቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ተመልሰው ባዶው ቦታ ብቻ ቀረ።

ከዚያ ሌላ ጻፈች። ረጅም አልነበረም። እኔ የአቶ ወልደ አማኑኤል የልጅ ልጅ እስከዳር ነኝ አለች። የአቶ ተገኘን ቤት የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ያልተሰጠኝን ነው ያወጣሁት፤ አያቴ አላወጡትም። ከእንግዲህ የማንንም አልቆጥርም። አንዴ አነበበችውና ጥቁር ሸሚዝ ከለጠፈው ፎቶ ሥር ላከችው።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ገና ከኮረብታው መውረድ ሳትጀምር ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። አንዱን አየችው፤ ስሟን ጠርቶ፣ ትምህርት ቤቷን ጠርቶ ጀምሯል። ቀሪውን አላነበበችም። ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ እዚያም ሆኖ ሲነዝር ጎኗ ላይ ይሰማታል።

---

ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ሰው በሰው ነው። የጋሽ ተገኘ ብየዳ ቤት ፊት ያለው ቦታ ብቻ ባዶ ነበር። ሰው እዚያ ሲደርስ ወደ ማዶ ይሻገራል። ቀዩ ቀለም በሩ ላይ ደርቋል።

ጋሽ ተገኘ ባዶ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው ምንም አይሠሩም ነበር። ሲያዩዋት አልተነሱም።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ።

«የግቢያችን በር ማጠፊያው ተሰብሯል፣ ጋሽ ተገኘ። ማሠራት ፈልገን ነው።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም።»

ከመንገዱ ማዶ ሰዎች ቆመው ይመለከታሉ። ከእነሱ መሐል ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ እንዳለ አየች፤ ታዲዮስ ይሁን ሌላ ለማየት አልዞረችም። ጋሽ ተገኘ ትክ ብለው አዩዋት። ጠጄ ነግራቸዋለች፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

«ብረት የለኝም» አሉ በመጨረሻ። «ካለቀ ወዲህ አልገዛሁም።»

እስከዳር ከቆመችበት አልሄደችም። እሳቸውም ሂጂ አላሏትም። ዓይናቸው ቀስ እያለ ዞሮ የቤቱ መሐል ላይ ከቆመው ወርቃማ አልጋ ላይ አረፈ። እዚያው ላይ ቆየ። ከዚያ ተነሱና አልጋውን በአንድ ጎኑ አስተኙት።

«ለማጠፊያ ይሄ እግሩ ይበቃል» አሉ፤ ለራሳቸው ይመስላል። መቁረጫውን አንስተው ገመዱን ሰኩ። ወትሮ ማዕረግ የሚቆምበት በኩል ማንም የለም። አንድ ጊዜ ወደዚያ አዩ።

እስከዳር ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ዞራ የአልጋውን እግር በሁለት እጇ ያዘች። ብረቱ እንደ ውርጭ ይቀዘቅዛል። ከጓሮ ወደ ቤቱ የሚያስገባው በር ሲከፈት ሰማች፤ ጠጄ ብቅ ብላ እዚያው ቆመች። በእጇ የታጠበ ልብስ ይዛለች። አልገባችም፣ አልተመለሰችምም።

«አጥብቀሽ ያዢ» አሏት ጋሽ ተገኘ። «ዓይንሽን አዙሪ።»

መቁረጫው ጮኸ። የእሳቱ ብናኝ ወለሉ ላይ ተረጨ፤ ብረቱ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ፣ ቀስ እያለም ሞቀ። እስከዳር እንደታዘዘችው ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች፤ ጠጄን ማየት አልቻለችም። ማዶ የቆሙት ሰዎች ግን በግልጽ ያዩዋታል። እሷም አየቻቸው። መሬት ላይ ያለው ቦርሳዋ ውስጥ ስልኩ አሁንም ይነዝራል። ብረቱን አልለቀቀችም።